ድምፁ ቀንሶ መቀመጫው የጨመረው መንግሥት

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር ከደረሱን ደብዳቤዎች አራቱ፣ ከተለያየ አገር የተጻፉ ቢሆኑም፣ የሚጠይቁት ስለ አንድ ጉዳይ ነው፤ ይኸውም እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 26 ቀን 2022፣ በእኛ አቆጣጠር ኅዳር 17 ቀን 2015 ዓ.ም.፣ በአውስትራሊያ የቪክቶሪያ ግዛት ተካሂዶ የዳንኤል አንድሩስን የሌበር መንግሥት ለሦስተኛ ጊዜ ወደ ሥልጣን ስለመለሰው ምርጫ ነው። የግዛቲቱ ዋና ከተማ ሜልቦርን ብዙ ወገኖቻችን የሚኖሩባት በመሆኗ ጥያቄዎቹ አልገረሙንም። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት፣ ሌላ ካልተባለ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ እኅቴ ሜልቦርን ትኖራለች። በስልክ ስናወራ፣ ሌበር ፓርቲ በ2022ቱ ምርጫ ከመቶ 37 ያህል ድምፅ ብቻ አግኝቶ ከ88 መቀመጫዎች 56ቱን እንደወሰደ ነገረችኝ። የባሰው ደግሞ፣ በ2018 ከመቶ 43 ያህል አግኝቶ የወሰደው 55 ነበር አለች። ድምፅ ሲቀንስ መቀመጫ የሚጨምረው እንዴት ነው? ነገሩ ንጹሕ ነው ትላላችሁ?
(አንባቢያችሁ፣ ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ እኅትዎ የነገሩዎት ቁጥር ልክ ነው፤ ማጭበርበርም የለበትም። ግራ የሚያጋባው የቪክቶሪያን ውጤት በአገራችን የምርጫ ሥርዓት ስንለካው ነው። እኛ ዘንድ ለተወካዮች ምክር ቤት ሲመረጥ መራጩ ለሚፈልገው ዕጩ ምልክት ያደርጋል፤ ቆጠራው ሲያበቃም ከሌሎቹ የበለጠ ድምፅ ያገኘው፣ ድርሻው ከመቶ 30 ይሁን 70፣ ወንበሩን ይወስዳል። 88ቱ መቀመጫዎች ባሉበት በቪክቶሪያ የታችኛው ምክር ቤት ምርጫ ግን መራጩ በወረቀቱ ላይ የሰፈሩትን ዕጩዎች በሙሉ በቁጥር ያሰልፋል፤ አብልጦ ለሚወደው 1፣ ቀጥሎ ለሚሻለው 2 እያለ ዓይኑን ማየት እስከማይፈልገው ሰው ድረስ ይወርዳል። ለማሸነፍ ከግማሽ በላይ ማግኘት ግድ ነው። በመጀመሪያው ቆጠራ ማንም ግማሹን ካላለፈ፣ ከሁሉም ያነሰ ድምፅ ያገኘው ዕጩ ይወጣና የእርሱ ወረቀቶች 2 ቁጥር ወደ ተጻፈላቸው ዕጩዎች ይሻገራሉ፤ አንድ ሰው ግማሹን እስኪያልፍ ድረስም እንዲሁ ይቀጥላል። የአገሩ ሰው ይህን የድምፅ መሻገር «ፕሪፈረንስ» ይለዋል፤ እዚያ ያሉ ወገኖቻችንም ቃሉን እንዳለ ተቀብለውታል።

በቃል ከማስረዳት በቁጥር ማሳየት ይቀላል። መቶ መራጮች ብቻ ያሉበት አንድ ወረዳ እናስብ። በመጀመሪያው ቆጠራ የዋናው ተቃዋሚ የሊበራል ፓርቲ ዕጩ 38፣ የሌበሯ ዕጩ 37፣ ለአካባቢ ጥበቃ የሚቆመው የግሪንስ ፓርቲ ዕጩ 15፣ አንድ የግል ተወዳዳሪ 10 አገኙ እንበል። በእኛ አሠራር ሊበራሉ እዚህ ላይ አሸንፎ ወደ ቤቱ ይሄዳል። በቪክቶሪያ ግን የግል ተወዳዳሪው ይወጣና 10ሩ ወረቀቶች እንደገና ይታያሉ፤ በአምስቱ ላይ ሁለተኛ ሆኖ የተገኘው ሊበራሉ፣ በሦስቱ ላይ የሌበሯ ዕጩ፣ በሁለቱ ላይ ግሪንስ ቢሆን፣ ሊበራል 43፣ ሌበር 40፣ ግሪንስ 17 ይሆናሉ። አሁንም ግማሹን ያለፈ የለም፤ ስለዚህ የግሪንስ ዕጩ ይወጣል። የግሪንስ መራጮች አብዛኛውን ጊዜ ሊበራልን ከሌበር በታች ስለሚያስቀምጡ፣ ከ17ቱ 14ቱ ወደ ሌበር፣ 3ቱ ወደ ሊበራል ቢሻገሩ፣ ሌበር በ54 ለ46 ያሸንፋል። ቁጥሮቹ ለምሳሌ ያህል እኛ ያስቀመጥናቸው ናቸው፤ አካሄዱ ግን ይኸው ነው።

አሁን ወደ እውነተኛው ውጤት እንመለስ። ሌበር ያጣው ስድስት ነጥብ ያህል ድምፅ ወደ ዋናው ተቀናቃኙ ቢሄድ ኖሮ መንግሥቱ ይወድቅ ወይም ክፉኛ ይንገዳገድ ነበር። ግን አልሄደም። የሊበራልና የናሽናል ፓርቲዎች ጥምረት በ2018 ከነበረው ከመቶ 35 ገደማ ፈቀቅ አላለም፤ እንዲያውም ትንሽ ቀነሰ። ሌበርን የተዉት መራጮች የተበተኑት በትናንሽ ፓርቲዎችና በግል ተወዳዳሪዎች መካከል ነው፤ ከእነዚህም ድምፆች ጥቂት የማይባሉት በሁለተኛና በሦስተኛ ምርጫ ዞረው ወደዚያው ወደ ሌበር ተመለሱ። ውድድሩ በመጨረሻ ሁለቱ ትልልቆች ብቻ ቢቀሩ በሚለው ስሌት ሲታይ ሌበር 55፣ ጥምረቱ 45 ነው፤ በ2018 ሌበር በዚሁ ስሌት ከ57 ከፍ ያለ ነበር። ስለዚህ ሁለት ነጥብ ያህል በእርግጥ ተሸርሽሯል።

ታዲያ መቀመጫው ለምን አልቀነሰም? ድምፁ የቀነሰው ቢቀንስም ወንበር በማይጠፋበት ቦታ ስለ ነበር ነው። ሌበር ክፉኛ የተሸረሸረው ለረጅም ዘመን የራሱ ምሽግ በሆኑት በምዕራብና በሰሜን ሜልቦርን ሠፈሮች ነው፤ እዚያ ደግሞ ብልጫው ሰፊ ስለ ነበር ብዙ ድምፅ አጥቶም ወንበሩን ይዞ ቀረ። በምሥራቅ በኩል፣ ፉክክሩ ጠባብ በሆነባቸው ሠፈሮች፣ ይዞታው ጸና፤ በግሌን ዌቨርሊም ነባሩን የሊበራል እንደራሴ አሸነፈ። ያጣቸውም አሉ፤ ሃውቶርንን ለሊበራል፣ ሪችመንድን ለግሪንስ አስረክቧል። ተደምሮና ተቀንሶ ግን አንድ ወንበር አተረፈ። በምርጫው ማግሥት ብዙዎች ይህን «ታላቅ ድል» ብለው ሲጽፉ፣ ለእኔ አባባሉ የወንበሩን ቁጥር እንጂ የመራጩን ልብ የሚናገር ሆኖ አልታየኝም። ታላቅ ድል ማየት የሚሻ ሰው ወደ ምዕራብ አውስትራሊያ ይመልከት፤ በማርች 2021 የማርክ መጋዋን ሌበር መንግሥት ከመቶ 60 ያህል የመጀመሪያ ድምፅ አግኝቶ ከ59 መቀመጫዎች 53ቱን ጠቅልሎ ተመልሷል፤ ለሊበራል የቀሩት ሁለት ብቻ ነበሩ።

ነገሩ ንጹሕ ነው ወይ ላሉት፣ ምርጫውን የሚያካሂደው ከመንግሥት ነጻ የሆነ የምርጫ ኮሚሽን ነው፤ የታችኛው ምክር ቤት ወረቀቶች በእጅ ሲቆጠሩም የየፓርቲው ታዛቢዎች አጠገብ ቆመው እያንዳንዱን ወረቀት ያያሉ። ሥርዓቱ ትልቁን ፓርቲ አብዝቶ ይጠቅማል ማለት ይቻላል፤ 55 ከመቶ ድምፅ 64 ከመቶ ወንበር ማምጣቱ የሚያከራክር ነው። ማስታገሻው ያለው የላይኛው ምክር ቤት ዘንድ ነው። እዚያ ግዛቲቱ በስምንት አካባቢዎች ተከፍላ ከየአካባቢው አምስት አምስት ሰው ስለሚመረጥ ትናንሾቹም ይገባሉ፤ ሌበር ከ40ዎቹ ያገኘው 15 ብቻ በመሆኑ፣ ተቃዋሚዎቹ እንቢ ያሉትን ሕግ ለማጽደቅ ትናንሾቹን ደጅ መጥናት ነበረበት።

ጥያቄ፦ በኮቪድ ጊዜ ሕዝቡን 262 ቀን ቤት ዘግቶበት የከረመ መንግሥት ተመልሶ መመረጡ እንቆቅልሽ ሆኖብኛል። በፍሌሚንግተንና በሰሜን ሜልቦርን የሚገኙት የመንግሥት ፎቅ ቤቶች በፖሊስ ሲከበቡ በዜና አይተናል፤ በውስጣቸው ከሚኖሩት ብዙዎቹ የእኛና የጎረቤቶቻችን የሶማሌ፣ የሱዳንና የኤርትራ ሰዎች አይደሉም እንዴ? ቂም አልያዙም?
(ከዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ)

መልስ፦ ነገሩን ከመጀመሪያው እንያዘው። ጁላይ 4 ቀን 2020፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ የግዛቲቱ መሪ፣ በአገሩ አጠራር ፕሪሚየር፣ አንድሩስ በኮቪድ ምክንያት ዘጠኝ የመንግሥት ፎቅ ቤቶች ከዚያች ሰዓት ጀምሮ እንደሚዘጉ አስታወቁ። ሦስት ሺህ ያህል ነዋሪዎች ነበሩባቸው። የቀረው የከተማው ሕዝብ ለአስቤዛ መውጣት ሲፈቀድለት፣ እነርሱ ግን ከበር እንዳይወጡ ተከለከሉ፤ ፖሊስም በየመግቢያው ቆመ። ለዝግጅት የተሰጠ ሰዓት ስላልነበረ ወተት ያለቀበት፣ መድኃኒት ያለቀበት፣ በማያነበው ቋንቋ የተጻፈ ማስታወቂያ የደረሰው ብዙ ነበር። ስምንቱ ሕንፃዎች ከአምስት ቀን በኋላ እንደ ሌላው የከተማው ነዋሪ ሆኑ፤ ዘጠነኛው ግን ለ14 ቀናት ተዘግቶ ቆየ። በዚያው ዓመት ዲሴምበር የግዛቲቱ እንባ ጠባቂ ዲቦራ ግላስ፣ ያለ አንዳች ማስጠንቀቂያ በቅጽበት መዘጋቱ የሰብዓዊ መብት ሕጉን የጣሰ ነው ብለው ፈረዱ፤ መንግሥትም ነዋሪዎቹን ይቅርታ እንዲጠይቅ መከሩ። መንግሥት ይቅርታ አልጠየቀም። ነዋሪዎቹ በጋራ የመሠረቱት ክስ በ2023 በአምስት ሚሊዮን ዶላር ስምምነት ተቋጨ።

ስለዚህ ቂም አልነበረም ማለት አይቻልም። ሆኖም ቂም የፓርላማ ወንበር የሚሆነው በብዛትና በቦታ ነው። እነዚያ ሕንፃዎች የሚገኙት በሁለት የምርጫ ወረዳዎች ውስጥ ነው። የሰሜን ሜልቦርኖቹ ያሉበት የሜልቦርን ወረዳ ከ2014 ጀምሮ የግሪንስ ነው፤ በ2022ም በእነርሱው እጅ ቀረ። ፍሌሚንግተን የሚገኝበት ኤሰንደን ደግሞ ሌበርን መልሶ መረጠ። ሦስት ሺህ ሰው፣ ያውም ሕፃናቱና ዜግነት ያላገኙት ሳይቀነሱ፣ በሁለት ወረዳ ተከፍሎ ውጤት ሊገለብጥ አይችልም።

የቀረው የከተማው ሕዝብስ? ሜልቦርን በስድስት ዙር የተዘጋችባቸው 262 ቀናት ያበቁት በኦክቶበር 2021 ነው፤ ምርጫው የመጣው ከዓመት በኋላ ነው። የተናደደው ሰው ንዴቱ ቁርጥ ያለ ነበር፤ በየአደባባዩ ሲጮህም ከርሟል። ከዚህ የሚበዛው ሰው ግን፣ እኔ እንደማየው፣ ነገሩን መራራ ግን የማይቀር አድርጎ ወስዶት ስለ ሌላ ነገር ማሰብ ጀምሮ ነበር። ቁጣ ነበረ፤ የሚያርፍበት ቤት ግን አላገኘም። ተቃዋሚውን የሚመሩት ማቲው ጋይ በ2018 በዚሁ በአንድሩስ ክፉኛ የተሸነፉት ሰው ናቸው፤ ፓርቲያቸው በሴፕቴምበር 2021 መልሶ አመጣቸው። ምርጫው ሊደርስ አራት ወር ያህል ሲቀረው የጽሕፈት ቤት ኃላፊያቸው ከአንድ ባለሀብት ጋር በተያያዘ የክፍያ ጉዳይ ሥራቸውን ለቀቁ። የጥምረቱ ዋና ሐሳብ መንግሥት የጀመረውን ግዙፍ የከተማ ዳርቻ ባቡር አቁሞ ገንዘቡን ለሆስፒታሎች ማዋል ነበር፤ ለሕዝብ ማመላለሻም በቀን የሁለት ዶላር ቲኬት ቃል ገባ። መጥፎ ሐሳቦች አልነበሩም። ለመራጩ ግን ያልታየ ነገር ናቸው።

ሌበር በበኩሉ በዓይን የሚታይ ነገር ነበረው። ባቡርና መኪና በአንድ መንገድ የሚተላለፉባቸውን መሻገሪያዎች ከ2015 ጀምሮ እያነሣ፣ ባቡሩን ከመንገዱ በላይ ወይም በታች ሲያሳልፍ ቆይቷል፤ እስከ ምርጫው ድረስ የተነሡት ከ60 በላይ ናቸው። ጠዋት ልጅ ለማድረስ ሲጣደፍ ቀይና ነጩ አጥር ፊቱ ላይ እየወረደበት አሥር ደቂቃ የቆመ አባት፣ አጥሩ አንድ ቀን የለም ቢባል ያንን ማን እንዳደረገው አይረሳም። በተጨማሪም ከ2023 ጀምሮ ለሦስትና ለአራት ዓመት ሕፃናት መዋዕለ ሕፃናት በነጻ እንደሚሆን ታውጆ ነበር፤ በየቤታችን ይህ ምን ማለት እንደሆነ ሁለት ልጅ ያላት ሠራተኛ እናት ታውቀዋለች። እንግዲህ የምዕራቡ ሠፈር ሰው ለዘመናት አንድ ፓርቲ ስለመረጠ እንደ ተናቀ ቢሰማውም፣ ለማስጠንቀቅ ያህል 1 ቁጥሩን ለሌላ ሰጥቶ ሌበርን ከሊበራል በላይ አስቀመጠ፤ ማስጠንቀቂያውም መንግሥቱም አብረው ቀሩ። ማቲው ጋይ በማግሥቱ መልቀቃቸውን አስታወቁ።

ጥያቄ፦ አንድሩስ እንዲህ ታግለው ካሸነፉ በኋላ ዓመት ሳይሞላ ለምን ሄዱ? ሕዝቡ ያልመረጣት ሴትስ እንዴት ፕሪሚየር ሆነች?
(ከቴል አቪቭ)

መልስ፦ አንድሩስ ሴፕቴምበር 26 ቀን 2023 መልቀቃቸውን አስታውቀው በማግሥቱ ወጡ፤ የሰጡት ምክንያት ሥራው ሰውን የሚጨርስ መሆኑንና ጊዜው እንደደረሰ መሰማቱን ነው። ጃሲንታ አለን በአንድሩስ ቦታ የተተኩት በምርጫ አይደለም፤ የሌበር የምክር ቤት አባላት መሪያቸው አድርገው ስለመረጧቸው ነው። በቪክቶሪያ መራጩ የሚመርጠው የወረዳውን እንደራሴ ነው፤ ፕሪሚየር የሚሆነው በታችኛው ምክር ቤት የብዙኃኑን ድጋፍ የያዘው ሰው ነው። ነገሩ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ እንግዳ ሊሆን አይገባም፤ በ2010 ዓ.ም. አቶ ኃይለማርያም ደሳለኝ ሲለቁ ዶክተር ዐቢይ አሕመድም ወንበሩን የያዙት በምክር ቤቱ ሹመት እንጂ በአዲስ ምርጫ አልነበረም። አንድሩስ ይወክሉት የነበረው ሙልግሬቭ በዚያው ዓመት ኖቬምበር በማሟያ ምርጫ ለሌበር ጸንቷል።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ላንሣ። ሜልቦርን መሐል፣ ትሬዠሪ ፕሌስ በሚባለው ጎዳና ላይ፣ አራት የነሐስ ሐውልቶች ቆመዋል፤ ከ3,000 ቀን በላይ ግዛቲቱን የመሩ ፕሪሚየሮች ናቸው። አንድሩስ ያን ቁጥር ያለፉት በፌብሩዋሪ 2023 ነው። በዚያች ከተማ ሰዉ በአንድሩስ ላይ ምን ያህል እንደተከፈለ ማወቅ የፈለገ፣ አምስተኛው ሐውልት ይቁም አይቁም በሚለው ላይ የተነሣውን ጭቅጭቅ መስማት ይበቃዋል።

ጥያቄ፦ እናቴ 71 ዓመታቸው ነው፤ በቋሚ ነዋሪነት ሲኖሩ ቆይተው በቅርቡ የአውስትራሊያ ዜግነት ሊቀበሉ ነው። ምርጫ ግዴታ ነው ይባላል፤ እንግሊዝኛ አያነቡም። ቢሳሳቱ ይቀጣሉ? ኢትዮጵያዊነታቸውስ?
(ከሰንሻይን፣ ሜልቦርን)

መልስ፦ ቋሚ ነዋሪ እያሉ መምረጥም አይችሉም፣ አይገደዱምም። ዜግነቱን ሲቀበሉ ግን በመራጮች መዝገብ መመዝገብና መምረጥ ግዴታቸው ይሆናል። ያለ በቂ ምክንያት የቀረ ሰው ይቀጣል፤ በ2022 ቅጣቱ 92 ዶላር ነበር። ከቅጣቱ አስቀድሞ ግን ለምን እንደ ቀረ የሚጠይቅ ደብዳቤ ይመጣል፤ ሕመም የመሰለ ምክንያት ካለ ጽፎ መመለስ ነው። ብዙ አዛውንቶቻችን የሚቀጡት ምክንያት ስላጡ ሳይሆን ደብዳቤውን ሳይከፍቱ ቴሌቪዥኑ ሥር ስለሚያስቀምጡት ነውና ፖስታቸውን እርስዎ ይከታተሉላቸው።

ስለ ኢትዮጵያ ዜግነት፣ በአዋጅ ቁጥር 378/1996 ዓ.ም. መሠረት በፈቃዱ የሌላ አገር ዜግነት የወሰደ ሰው የኢትዮጵያ ዜግነቱን ያጣል፤ አገራችን ጥምር ዜግነት አትፈቅድም። እናትዎ የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያውን፣ ቢጫ ካርድ የሚባለውን፣ አውጥተው ያለ ቪዛ መግባትና አገር ቤት መኖር ይችላሉ፤ በኢትዮጵያ ምርጫ ድምፅ መስጠት ግን አይፈቀድላቸውም። ይህን አስቀድመው አውቀው ቢወስኑ መልካም ነው።

ድምፅ የሚሰጥበት ዕለት በየአራት ዓመቱ በኖቬምበር የመጨረሻው ቅዳሜ ነው፤ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት እስከ ምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት፣ አብዛኛውን ጊዜ በትምህርት ቤት አዳራሽ። ሰልፍ የሚከብዳቸው ከሆነ ቀደም ብሎ በሚከፈቱት ጣቢያዎች መምረጥ ይሻላቸዋል። በሩ ላይ የየፓርቲው ሰዎች «እንዲህ አድርጋችሁ ቁጥር ስጡ» የሚል ወረቀት ያስጨብጧቸዋል፤ መቀበልም መተውም የራሳቸው ፈንታ ነው። ማንበብ የማይችል መራጭ የመረጠውን ሰው ይዞ መግባት ይችላልና እርስዎ አብረዋቸው ይግቡ፤ ኮሚሽኑም በስልክ አማርኛ አስተርጓሚ ያገናኛል። በካርቶን በተከለለው ጠረጴዛ ላይ እርሳስ ያገኛሉ፤ በራስዎ እስክርቢቶ መጻፍም ይቻላል። በትንሹ ወረቀት ላይ ሁሉንም ሳጥን በቁጥር ይሞላሉ። እንደ አገር ቤቱ አንድ ምልክት ብቻ አድርገው ወረቀቱን ካስገቡት ድምፁ አይቆጠርም፤ ብዙ ወገኖቻችን የሚሳሳቱትም እዚህ ላይ ነው። የገበታ ጨርቅ የሚያህለው ሁለተኛው ወረቀት የላይኛው ምክር ቤት ነው፤ በ2022 አሠራር ከመስመሩ በላይ 1 ቁጥር ብቻ መጻፍ፣ ወይም ከመስመሩ በታች ቢያንስ ከ1 እስከ 5 መቁጠር ይበቃ ነበር። ለስሕተት ቅጣት የለም፤ ወረቀቱ ሳጥን ውስጥ ሳይገባ የተበላሸ እንደሆነ ለሠራተኛዋ ሰጥተው ሌላ አዲስ መቀበል ይችላሉ።

ሲወጡ ከትምህርት ቤቱ ግቢ የቋሊማ ጥብስ ሽታ ይቀበላቸዋል፤ ወላጆች ለትምህርት ቤቱ ገንዘብ የሚያሰባስቡበት የምርጫ ቀን ወግ ነው። ዕለቱ ግን ጾመ ነቢያት ከገባ በኋላ ስለሚውል፣ ጾመኛ ከሆኑ ደረቅ ዳቦ በሽንኩርት ብለው ሊጠይቁ ያስቡ ይሆናል። ሽንኩርቱም የሚጠበሰው በዚያው በቋሊማው ስብ ላይ ስለሆነ፣ ከቤት ቆሎ ይያዙላቸው።